አዲስ አበባን ይህን ቅርጽ ያስያዛት ተራራና ወንዙ ነው ወይስ የመሬት ሥሪቱ?

ጠያቂ፦ የጂኦግራፊ አስተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ከተሞች ቅርጽ የሚያወሳው ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር ከተማሪዎቼ ጋር የምንከራከርበት አንድ ጉዳይ ስላለ፣ የምታውቁት ብታካፍሉኝ ብዬ ነው።

በትምህርቱ የምናገኛቸው ሞዴሎች ሦስት ናቸው። በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1925 ቺካጎን መነሻ አድርጎ ከተማ ከመሐል ወደ ውጭ በክብ በክብ እየሰፋ እንደሚሄድ ጻፈ፤ ሆይት በ1939 ክቡን ትቶ ዋና ዋና መንገዶችን ተከትሎ የሚዘረጋ የማዕዘን ቅርጽ አቀረበ፤ ሃሪስና ኡልማን ደግሞ በ1945 ትልቅ ከተማ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ መሐሎች እንዳሉት አስረዱ። ይህን አስተምሬ ስጨርስ ተማሪዎቼ መስኮቱን እያዩ «የእኛ ሰፈር ታዲያ ከየትኛው ይመደባል?» ይሉኛል፤ እኔም መልስ ያጥረኛል። በበርጀስ አሳብ ድሃው ከመሐሉ ጥግ፣ ሀብታሙ ዳር ላይ መኖር ነበረበት። በአዲስ አበባ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከፓርላማው ሥር፣ ባሻ ወልዴ ችሎትን በመሰለ ሰፈር፣ የጭቃ ቤትና የባለሥልጣን ግቢ በአንድ አጥር ይዋሰኑ ነበር። ቦሌና አሮጌው አየር ማረፊያ የባለጸጋ ሰፈር ሆኑ፤ ነገር ግን እዚያም ቢሆን ከቪላው ጀርባ የቆርቆሮ አጥር ይታያል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ለዚህች ከተማ ቅርጽ የበለጠ ድርሻ ያለው የተፈጥሮ አቀማመጧ ነው ወይስ ሰው የወሰነው ውሳኔ? «ሁለቱም» የሚለውን መልስ ተማሪዎቼም ያውቁታል፤ የምፈልገው የትኛው የትኛውን የከተማ ክፍል እንዴት እንደ ሠራው በቦታ የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

መልስ፦ ቀበና ማዶ

መምህር፣ እኔ ሙያዬ መንገድና ድልድይ ስለ ሆነ የምነሣው ከመሬቱ ነው።

የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የቦሌ አየር ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል፤ አቃቂ አካባቢ ሲደረስ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ይህ ሁሉ ቁልቁለት የሚገኘው 30 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ነው። በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው ዝናብ ደግሞ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ስለሚጥል፣ ከእንጦጦ የሚነሡት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ቁርጡሜና ሌሎቹም ጅረቶች መሬቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቀው ጥልቅ ሸለቆ አበጅተዋል። ሁሉም በትንሹ ወይም በትልቁ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ወርደው አዋሽን ይቀላቀላሉ።

አሁን የከተማዋን የመንገድ ካርታ ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በሁለት ወንዞች መካከል ያለው ሸንተረር ላይ የሚሄድ መንገድ ድልድይ አያስፈልገውም። ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በስድስት ኪሎ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣውን መንገድ ልብ ይበሉ፦ ዳገት ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገድ ግን እያንዳንዱን ሸለቆ በተራ መሻገር አለበት፤ ድልድይ ደግሞ ውድ ነው። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚያሻግረው የራስ መኮንን ድልድይና የቀበና ድልድይ ለረጅም ዘመን ያን ሁሉ ሰውና መኪና የተሸከሙት በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት ጠዋት ታክሲው ለምን እነዚያው ቦታዎች ላይ እንደሚቆም የጠየቀ ሰው፣ ትራፊክ ፖሊሱን ሳይሆን ወንዙን ቢወቅስ ይሻለዋል። ሁለት ሰፈሮች በአየር መስመር አምስት መቶ ሜትር ብቻ ተራርቀው በመንገድ ግን ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር መዞር የሚያስፈልግበት ቦታ በሰሜኑ የከተማ ክፍል ሞልቷል።

ስለ አፈሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። በሰሜን በኩል ቀይ አፈርና ዓለት ይበዛል፤ ወደ ቦሌ፣ ቃሊቲና አቃቂ ሲወረድ ግን መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጥልቀት በሌለው ቤት ላይ ምልክቱ ወዲያው ይታያል፦ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ነው። ግቢው ውስጥ የተነጠፈው ሲሚንቶም ከግድግዳው ይለያያል። ስለዚህ በእነዚያ ሰፈሮች ቤት የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ ሙሌት) መተካት፣ ወይም መሠረቱን እስከ ጠንካራው መሬት ማውረድ ይኖርበታል። ሁለቱም ገንዘብ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ራሴን የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ተፈጥሮ ብቻ ቢወስን ኖሮ ባለጸጋው በሰሜኑ ደረቅ መሬት፣ ድሃው በዋልካው ላይ በተገኘ ነበር፤ የሆነው ግን በተቃራኒው ነው። ሜዳነቱ፣ ሰፊ ቦታ መገኘቱና አየር ማረፊያው ሲደመሩ፣ ገንዘብ ያለው ሰው የዋልካውን ዋጋ ከፍሎ ቦሌን መረጠ። ተዳፋቱና የወንዝ ዳሩ ለድሃው ቀረ። ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ የመሬት ታሪክ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳን መልካም ነው።

መልስ፦ ሰነድ አገላባጭ

ቀበና ማዶ በር ከፍተውልኛልና ልግባ። ተፈጥሮ ያደረገችው ክፍተቶቹን መሥራት ነው፤ ክፍተቱን ማን እንደሚይዘው የወሰነው የመሬት ሥሪቱ፣ ማለትም መሬት የሚያዝበት ሥርዓት፣ ነው ብዬ አምናለሁ። አራት ዘመን በአንድ መሬት ላይ ተደራርቦ ስለሚገኝ ትንሽ ብረዝም ይታገሡኝ።

አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሳሉ ከተማው ምሽግነት ነበረው፣ ነገር ግን ብርድ፣ ንፋስና የማገዶ እጥረት ያስቸግር ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ ፍልውኃው አጠገብ ቤት አሠሩና ከተማው ወደ ሜዳው መውረድ ጀመረ። ሜዳው ባዶ አልነበረም፤ ፊንፊኔ የሚባል የኦሮሞ አርሶ አደሮችና ከብት አርቢዎች መሬት ነበር፤ ጉለሌን የመሰሉ የሰፈር ስሞች ያንን ያስታውሳሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ለመኳንንቱ መሬት ሲያድሉ የሄዱበት ሥርዓት የጦር ሰፈር ሥርዓት ነው። የንጉሡ ግቢ በአንድ ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መስፍን ወይም ደጃዝማች በየኮረብታው ተተከለ፤ ጭፍራው፣ ሎሌውና ባለእጁ በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የተባሉት የዚያ ዘመን ትተውት የሄዱት ናቸው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ያለው ወንዝና ገደል ወሰን ሆኖ ባዶውን ቀረ።

መምህር ለጠየቁት ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እዚህ ላይ ነው ያለው። በቺካጎ ሀብታሙና ድሃው የተለያዩት መሬት ስለሚሸጥ ስለሚገዛ፣ የመኖሪያውም ሆነ የመጓጓዣው ዋጋ ሰውን ስለሚያበጥረው ነው። በአዲስ አበባ ግን ሎሌ ከጌታው አይርቅም፤ ጌታና ሎሌ በአንድ ኮረብታ ላይ መኖራቸው የከተማዋ መሥራች ሕግ ነበር። ከተለያየ የአስተዳደር አሳብ የተሠራን ከተማ በቺካጎ ሚዛን መመዘን ከመነሻው ያስቸግራል።

እንጨቱም ከተማዋን ሊያስነሣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ በዙሪያው ያለው ደን ተመንጥሮ ስላለቀ፣ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ ያ ሕንጻ በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማው እንዳይነሣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ስለሚደርስ፣ ሲቆረጥም መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ የማገዶና የአጥር ችግሩን አቃለለ፤ ለጭቃ ቤቱም ማገርና ወራጅ ሆነ። መሬት ለመኳንንቱ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለውጭ ልዑካን መታደሉም ሰው ሥር እንዲሰድ አደረገ። በምሥራቅ በኩል ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይና ለሩሲያ ሌጋሲዮኖች የተሰጠው ሰፊ ግቢ እስከ ዛሬ ጫካ ይዞ ይታያል፤ ያ አካባቢ ሌላ መንገድ እንዳይሻገርበት ያደረገውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 በአዲስ አበባ መሬት በግል መያዝ፣ መሸጥና መለወጥ በሕግ ሲፈቀድ ደግሞ ይዞታው ጸና።

የጣሊያን ዘመን አጭር ነበር፤ ምልክቱ ግን አልጠፋም። ሌ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ለሙሶሊኒ የላከው ንድፍ በወረቀት ቀረ፤ ጉይዲና ቫሌ ያወጡት ዕቅድ ግን በከፊል ተተገበረ። ዕቅዱ ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር የሚለይ የዘር ዕቅድ ነበር። ዋናው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው በዚያ ነው። መርካቶንና አዲስ ከተማን በሳተላይት ፎቶ ካዩ መንገዱ በክር የተለካ፣ አደባባዩ ማዕዘን የጠበቀ ነው፤ አጠገቡ ያለው የሰፈር መንገድ ግን እንደ ኮረብታው ይጠማዘዛል። ተማሪዎችዎ ይህን ልዩነት በዐይናቸው አይተው ሊረዱት የሚችሉ ይመስለኛል።

ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ የቀለበት መንገድና የሳተላይት ከተሞች አሳብ አመጣ፤ ፈረንሳዊው ደ ማሪያን እ.ኤ.አ. በ1965 ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና የከተማዋ እምብርት አደረገ። ለዕቅዶቹ ብዙም ቦታ አልሰጥም። መሬቱ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለ ነበር፣ ባለርስቱ በግቢው ጓሮና በየተዳፋቱ የጭቃ ቤት እየደረደረ ያከራይ ነበር፤ ከተማዋን የሞላት ያ የኪራይ ቤት እንጂ የአርክቴክቶቹ ሥዕል አይደለም።

ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው አንድ መኖሪያና ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ሆነ። የኪራይ ቤቶቹ ለቀበሌ ተላለፉ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ያስከተለውን ነገር በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል። ተከራዩ ከመሐል ከተማ አልተፈናቀለም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ስለ ሌለ የሚያድሰው ጠፋ፤ ቀበሌው ከሚሰበስበው ጥቂት ኪራይ ጣሪያ እንኳ መቀየር አልቻለም፤ ተከራዩም በስሙ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን አያፈስም። በሌላ አገር በመሐል ከተማ ያለ ቦታ ሲወደድ አሮጌው ቤት ፈርሶ ፎቅ ይተካበታል፤ እዚህ ግን ቦታው ስለማይሸጥ ዋጋ አልነበረውም፣ ዋጋ ስለሌለውም የሚነካው አልነበረም። ባሻ ወልዴ ችሎትና ሌሎቹ የመሐል ሰፈሮች ያን ያህል ዘመን ባሉበት የቆዩት በዚህ ነው።

ስለ ወንዝ ዳሩም በዚሁ ላስረዳ። ባለቤት ያልነበረው፣ ለመኪና የማይመቸው፣ ፕላን ያልደረሰበት ቦታ እርሱ ብቻ ስለ ነበር ከገጠር የመጣው ሰው እዚያ ገባ። ጨረቃ ቤት፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ቤት፣ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው ማንም እንደማያስነሣው እንጂ ጎርፍ እንደሚወስደው አይደለም።

መልስ፦ ከለገሃር በታች

የሰነድ አገላባጭን ጽሑፍ በደስታ አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን የመጓጓዣን ነገር አሳንሰውታል። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ጣቢያው ከአራዳ ርቆ በስተደቡብ የቆመው ባቡር ዳገት ስለማይወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ሆቴሉ፣ መጋዘኑና ጽሕፈት ቤቱ ሁሉ ከፒያሳ ወደ ለገሃር ቁልቁል ተከታትሎ ወረደ። ፋብሪካው በሐዲዱ ጎን ሜዳ ይፈልግ ስለ ነበር ወደ ቃሊቲና አቃቂ ሄደ። በኋላም አየር ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር ቪላውን አስከትሎ ሄደ። በጅማ፣ በአምቦ፣ በጎጃም፣ በደሴና በደብረ ዘይት መውጫዎች ላይ ከተማዋ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋችውም በዚያው ምክንያት ነው። ሆይት ይህን ቢያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም እንዲሁ ነው። ሁለቱ መስመሮች ተደምረው ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ በመሬት ላይ በሚሄዱበት ቦታ ሁሉ ግን ግራና ቀኙን በአጥር ስለ ለዩት እግረኛው መሻገሪያ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በአያት መስመር ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ እያየ ሳይሻገር የሚመለስ ደንበኛ ብዙ ነው። ባለሱቁን ይጠይቁት።

ጠያቂ፦ የጂኦግራፊ አስተማሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልጠራልኝም። ሰነድ አገላባጭ እንደሚሉት የ1967ቱ አዋጅ መሐሉን ካቆመው፣ ባለፉት ሃያ ዓመታት የተደረገው ለውጥ ደግሞ ከተማዋን ወደ በርጀስ ሞዴል እየገፋት ነው ማለት ነውን? ያውም ተገልብጦ፣ ድሃው ዳር፣ ሀብታሙ መሐል ሆኖ?

መልስ፦ ሰነድ አገላባጭ

በከፊል አዎ፤ ግን ገበያው ብቻውን አይደለም የሚገፋው። መሬት የመንግሥት እንደ ሆነ ሳለ፣ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 ሊዝን (ቦታን ለተወሰነ ዘመን በክፍያ መያዝን) አመጣ፤ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721 አጠበቀው። በዚህ ጊዜ በመሐል ከተማ ያለው ቦታ ዋጋ አገኘ፤ ሻጩ ግን አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም መንግሥት። ልደታና ሰንጋ ተራ የፈረሱት፣ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ያነሣው፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ የፈረሰው በዚሁ አካሄድ ነው። ለልማቱ የሚቀርበውም ሆነ የሚቃወመው ክርክር ሌላ ነው፤ ለእርስዎ ትምህርት የሚፈለገው ግን ቀደም ሲል ባለዋጋ ያልነበረ መሬት ዋጋ ሲያወጣ ነዋሪው ወዴት እንደሚሄድ ነው።

የሄደው ወደ ዳር ነው። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮየ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ናቸው፤ የተሠሩት ክፍት መሬት በተገኘበት እንጂ ሥራ ባለበት አይደለም። ነገር ግን ቤቱ በዕጣ ስለሚሰጥ መምህሩ፣ ሹፌሩ፣ ጡረተኛውና በውጭ አገር ካለ ልጅ በሚላክ ገንዘብ የሚኖረው በአንድ ደረጃ ላይ ይገናኛሉ፤ ባለዕድሉ ቤቱን ሲያከራየው ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ስለዚህ ዳሩ ድሃ ብቻ ነው ብለው አያስተምሩ። ዕጣ የሚባል ነገር በበርጀስም በሆይትም ሞዴል ውስጥ የለም።

የአስተዳደር ወሰንም አለ። በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድ ያጣመረ ማስተር ፕላን ከባድ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ ብዙ ሕይወት ጠፍቶበት በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ቀጥሎ በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች በአንድ ተሰባስበው ሸገር ከተማ ሆኑ። ይህ የማይታይ መስመር ከእንጦጦ ዳገት የበለጠ የከተማዋን ስፋት ይወስናል፤ ወደ ጎን መስፋት የከበደው ከተማ ወደ ላይ ይሄዳልና። አዋሳኙ የገበሬ ማሳ ሲሆን፣ ለመስፋት የሚከፈለው ካሳ ስንት ነው የሚለው ጥያቄም የቅርጽ ጥያቄ ነው።

መልስ፦ ቀበና ማዶ

መምህር፣ ክርክሩን ወደ ክፍል ለመውሰድ ከፈለጉ አንድ ዘዴ ልጠቁም። 1:50,000 የሆነውን የመሬት አቀማመጥ ካርታ ያግኙና ሦስት ስስ ወረቀት ይደርቡበት። በመጀመሪያው ላይ ተማሪዎቹ ወንዞቹንና ሸንተረሮቹን ይሣሉ፤ በሁለተኛው ላይ በመኳንንት ስም የሚጠሩትን ሰፈሮች፣ መርካቶን፣ ለገሃርንና የአየር ማረፊያውን ያስቀምጡ፤ በሦስተኛው ላይ የኮንዶሚኒየም ሳይቶቹን፣ የቀላል ባቡሩንና የአስተዳደር ወሰኑን ያስምሩ። ከዚያ ወረቀቶቹን በመስኮት ብርሃን ላይ ደራርበው ይያዙ። የድሮዎቹ ሰፈሮች በሸንተረሮቹ ላይ ሲወድቁ፣ አዲሶቹ ሳይቶች ግን ከወንዙም ከሸንተረሩም ጋር ምንም ዝምድና እንደሌላቸው ወዲያው ይታያቸዋል።

ጊዜ ካለዎት ተማሪዎቹን ወደ ሰሜኑ ክፍል ይዘዋቸው ይውጡ፤ ከስድስት ኪሎ አጠገብ ወደ ቀበና ወንዝ ወርደው በወዲያኛው በኩል ወደ ፈረንሳይ ሌጋሲዮን ሰፈር ይውጡ። ከላይ የድንጋይ አጥር ያለው ሰፊ ግቢ፣ ወገቡ ላይ የጭቃ ቤት፣ ውኃው ዳር ደግሞ በቅርቡ የወንዝ ዳርቻ ልማት ያልደረሰበት ከሆነ የላስቲክና የቆርቆሮ መጠለያ ያገኛሉ። በደረቅ ወር ይሂዱ፤ በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ስለሚሞላ ተዳፋቱም ስለሚያዳልጥ ልጆች ይዞ የሚወረድበት አይደለም።